ካርቦሬተርና የአዲስ አበባ አየር፤ ስለ አየር መሳብ ብልሽት አጭር ታሪክ

የሞተር ብልሽት ታሪክ አለው ቢባል ለጊዜው እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ታሪክ የሚጻፍላቸው ነገሥታትና ጦርነቶች፣ ከሙያችንም ቢሆን ታላላቅ ግድቦችና ድልድዮች ናቸው ብለን ስለ ለመድን፣ ከካርቦሬተር መቀመጫ ሥር ሾልኮ የሚገባ ጥቂት አየር የታሪክ ርእስ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አይገኝም። ነገር ግን ይህ ብልሽት በአገራችን፣ በተለይም በአዲስ አበባ፣ የራሱ የሆነ ጠባይ ይዞ ኖሯል። ይህንንም ጠባይ የሰጠው የከተማይቱ ከፍታ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ በ2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። በመንገዶቻችን ላይ የተመላለሱት መኪናዎች ካርቦሬተሮች ግን የተነደፉትና የተስተካከሉት በቶሪኖ፣ በቮልፍስቡርግና በቶግሊያቲ፣ ማለትም ለባሕር ወለል ቅርብ በሆኑ ከተሞች ነው።

ስለዚህም የፋብሪካው መጽሐፍ የሚለውና የአዲስ አበባ ሞተር የሚያሳየው ምልክት አልተስማሙም። በሁለቱ መካከል የቆመው መካኒክ ልዩነቱን በጆሮውና በእጁ መርምሮ፣ ማንም ሳይጽፍለት፣ ለራሱ ሕግ አወጣ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ያልተጻፈ ሕግ እንዴት እንደ ተገኘ ማስረዳት፣ ምክንያቱን በምሕንድስና ቋንቋ ማብራራትና፣ ባለቤቶቹ ሳያልፉ መመዝገብ እንደሚገባው ለማኅበራችን አባላት ማሳሰብ ነው።

ሀ. ነገሩ ምንድር ነው?

ካርቦሬተር ቤንዚንን በሚፈለገው መጠን ከአየር ጋር የሚቀይጥ መሣሪያ ነው። ዛሬ የምናውቀው በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ የሚፈስ አየር ቤንዚንን ከአፍንጫው ስቦ የሚረጭበት ዐይነት፣ እ.ኤ.አ. በ1893 ገደማ በጀርመን በቪልሄልም ማይባህ፣ በሃንጋሪ ደግሞ በዶናት ባንኪና በያኖሽ ቾንካ ሥራ የተገኘ ነው። ከዚያ በኋላ በፈረንሳይ ሶሌክስና ዜኒት፣ በእንግሊዝ ኤስ ዩ፣ በጣልያን ደግሞ ኤድዋርዶ ቬበር እ.ኤ.አ. በ1923 በቦሎኛ ያቋቋመው ፋብሪካ ይህንኑ ሐሳብ በየመልኩ አሻሽለው ለዓለም አዳረሱ።

ቅይጡ በጎ የሚሆነው ለአንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ወደ 15 ኪሎ ግራም የሚጠጋ አየር ሲደርሰው ነው። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ሁሉ በካርቦሬተሩ ጉሮሮ ማለፍ አለበት፤ ቤንዚኑ የሚለካው በዚያ በሚያልፈው አየር ነውና። ከጉሮሮው በታች ባለ ስንጥቅ፣ በላላ መገናኛ ወይም በተበላ ዘንግ ዳር የሚገባ አየር ሳይለካ የገባ፣ ቤንዚንም ያላስከተለ ነው። በዚህ ጊዜ ቅይጡ ይቀጥናል። በጋራዥ አነጋገር «ሞተሩ አየር ይስባል» የሚባለው ይህ ነው።

ብልሽቱ ከሁሉ ይልቅ የሚጎላው ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ነው። ምክንያቱም በሚኒሞ ጊዜ የአየር በሩ ከሞላ ጎደል ዝግ ስለሆነ፣ በማኒፎልዱ ውስጥ ባለሙያዎች ቫኪዩም የሚሉት የመሳብ ኀይል ከፍተኛ ነው፤ ሞተሩ የሚፈልገው አየር ደግሞ ጥቂት ነው። ለምሳሌ ያህል 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ክብ ቀዳዳ በባሕር ዳርቻ በሰዓት ወደ 2 ኪሎ ግራም አየር እንደሚያስገባ በስሌት ማግኘት ይቻላል። አንድ 1,200 ሲሲ የሆነ ሞተር በሚኒሞ የሚፈልገው ከ6 እስከ 8 ኪሎ ግራም ያህል ነውና፣ ይህች የክብሪት እንጨት የማታስገባ ቀዳዳ የምግቡን ሩብ ያህል ትሰርቃለች ማለት ነው። ይኸው ሞተር ሽቅብ በሙሉ ኀይሉ ሲሮጥ ግን በሰዓት ከመቶ ኪሎ ግራም በላይ አየር ስለሚወስድ፣ የመሳቡም ኀይል ስለሚቀንስ፣ ቀዳዳዋ እንደሌለች ትቆጠራለች። አሽከርካሪው «ስትሮጥ ደኅና ናት፤ ስትቆም ነው የምትሞተው» የሚለው ለዚህ ነው።

ለ. ሙያው ወደ አገራችን እንዴት ገባ?

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። ነገር ግን የመኪና ጥገና እንደ አንድ ሙያ በብዛት የተስፋፋው በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ በጭነት መኪናዎችና በጋራዦች መብዛት ምክንያት ነበር። ከድል በኋላም በአገሪቱ የቀሩ ጣልያናውያን መካኒኮች ለብዙ ወጣቶች ሙያውን አስተምረዋል።

የዚህ ታሪክ ማኅተም እስካሁን በቋንቋችን ላይ ታትሞ ይገኛል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ሞተሪኖ፣ ቦቢና፣ ሚኒሞ እያለ የሚናገር መካኒክ፣ ጣልያንኛ ባይችልም የጣልያንኛውን መዝገበ ቃላት አማርኛ አድርጎታል። ለአየር መሳብ ግን የተውሶ ስም አልወሰደም፤ በአማርኛ «አየር ይስባል» አለ እንጂ። ሌላውን ሁሉ በመምህሩ ቋንቋ የጠራ ሰው ይህን ብልሽት በራሱ ቋንቋ መሰየሙ፣ በበኩሌ፣ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ዕቃው ከውጭ ከነስሙ መጣ፤ ብልሽቱን ግን እዚሁ ሆኖ በራሱ ጆሮ ሰማው።

በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የተግባረ እድ ትምህርት ቤት ሙያውን በመደበኛ ትምህርት መልክ ሲያስጀምር፣ ከጋራዡ መንገድ ጎን ለጎን ሁለተኛ መንገድ ተከፈተ። ሦስተኛው መንገድ ደግሞ ከወደ አየር መጣ።

ሐ. ከልደታ ሜዳ የተገኘ ትምህርት

ከብሥራተ ገብርኤልና ከሳር ቤት ሰፈሮች ጥቂት ራቅ ብሎ፣ እስከ ዛሬ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ እየተባለ የሚጠራው የልደታ ሜዳ ይገኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ያሠማራቸው አምስት ሲ 47 አውሮፕላኖች መነሻና መድረሻቸው ይህ ሜዳ ነበር። የእነዚህ አውሮፕላኖች ሞተሮች ባለ 14 ሲሊንደር ፕራት ኤንድ ዊትኒ ሲሆኑ፣ የሚሠሩትም በቤንዚን ነበር። ካርቦሬተራቸው ስትሮምበርግ ነው።

የአውሮፕላን ካርቦሬተር ከመኪናው የሚለይበት አንድ ዐቢይ ነገር አለ። አውሮፕላን ከፍና ዝቅ ማለት ተግባሩ ስለሆነ፣ ሠሪዎቹ የአየሩን መሳሳት ከመጀመሪያው አስበውበታል፤ ከፍታው ሲጨምር የሚነፋ፣ ሲቀንስ የሚሟሽሽ የብረት ከረጢት ቤንዚኑን በራሱ ይቆጥባል፤ አብራሪውም ቅይጡን የሚያወፍርበትና የሚያቀጥንበት እጀታ አለው። የመኪና ካርቦሬተር ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር የለውም። የተሠራለት ግፊት አንድ ነው፤ ያንን ግፊት ይዞ በሄደበት ሁሉ ይኖራል።

በሳሳ አየር ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። የአየሩ ክብደት ሲቀንስ ካርቦሬተሩ የሚረጨው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው በካሬ ሥሩ ልክ ነው። የአየሩ ጥግግት ወደ ሦስት አራተኛ ሲወርድ ቤንዚኑ የሚወርደው ወደ 87 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ በትክክል የተስተካከለ ካርቦሬተር አዲስ አበባ ሲደርስ በዋናው ጂግለር በኩል የሚሰጠው ቅይጥ ከ13 እስከ 15 በመቶ ያህል ይወፍራል። ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይይዛል፣ ቤንዚኑም ያለ ጥቅም ይባክናል።

የልደታ ሜዳ ለአየር ማረፊያነቱ ያበቃለትም ከዚሁ ከፍታ ጋር በተያያዘ ነበር። በሳሳ አየር ውስጥ አውሮፕላን ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋልና፣ በ1955 ዓ.ም. ለመጡት ቦይንግ 720 ጄቶች ልደታ ሳይበቃ ቀርቶ ሥራው ወደ ቦሌ ተዛወረ። አውሮፕላኑን በተመለከተ የከፍታው ነገር እንዲህ በግልጽ ታስቦ በሲሚንቶና በአስፋልት መልስ ሲያገኝ፣ የመኪናው ጉዳይ ግን ለየጋራዡ ባለሙያ ተትቶ ቀረ።

መ. ሴቼንቶ፣ ቮልስና ላዳ

በከተማችን የካርቦሬተር ታሪክ ሦስት መኪናዎች በተለይ ይጠቀሳሉ። የመጀመሪያይቱ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በታክሲነት ያገለገለችው ሴቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600 ናት። በዚህች መኪና ሞተር ላይ የመሳቢያው ማኒፎልድ ከቴስታታው ጋር አብሮ የተቀረጸ በመሆኑ፣ አየር ሊገባ የሚችልባቸው ቦታዎች ጥቂቶች ነበሩ፤ የካርቦሬተሩ መቀመጫና የአየር በሩ ዘንግ። መካኒኩ ሁለቱን ከመረመረ ሥራው ከሞላ ጎደል አልቋል።

ቮልስ ከዚህ ትለያለች። ካርቦሬተርዋ መካከል ላይ ተቀምጦ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲሊንደሮች ረጅም ቧንቧ ይሄዳል፤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መባቻ ጀምሮ በተሠሩት ላይ ደግሞ ይህ ቧንቧ በጎማ መገናኛዎች ተቀጣጥሏል። የሞተሩ ሙቀትና የጊዜው ርዝመት ጎማውን ይሰነጥቁታል። የአየር በሩ ዘንግም በበጋ አቧራ እየተፋተገ ቤቱን ያሰፋል።

ሦስተኛይቱ ላዳ ናት። የቶግሊያቲው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1966 ከፊያት ጋር በተደረገ ውል መሠረት ተቋቁሞ በ1970 ማምረት ሲጀምር፣ መኪናይቱ የፊያት 124 ልጅ ነበረች፤ ካርቦሬተርዋም የቬበር ዝርያ ሲሆን በዲሚትሮቭግራድ ይሠራ ነበር። በፊያት ላይ የሠለጠነ የአዲስ አበባ መካኒክ በደርግ ዘመን ላዳ ስትመጣለት ኮፈኑን ከፍቶ ያገኘው የሚያውቀውን ነገር ነው። መንግሥት ተለውጦ፣ የንግድ ወዳጅ ተለውጦ፣ መጽሐፉ ከጣልያንኛ ወደ ሩሲያኛ ቢለወጥም፣ የካርቦሬተሩ ቀዳዳዎች በነበሩበት ቆዩት። ላዳ ግን አንድ የራስዋ ደካማ ጎን ነበራት፤ ሞተሩ እንደ ጋለ የካርቦሬተሩን ብሎኖች በኀይል ያጠበቀ ሰው ለስላሳውን የብረት መቀመጫ ያጣምመዋል፤ ከተጣመመም በኋላ አዲስ ጓርኒሲዮን ቢቀየርለት አየሩ መግባቱን አይተውም።

እነዚህ መኪናዎች በሚመላለሱበት ዘመን የቤንዚን ነገር ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተነሣው የዓለም የነዳጅ ቀውስ ያስከተለው የዋጋ ጭማሪ የአዲስ አበባን የታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ እንዲያቆሙ አደረጋቸው፤ ይህም አድማ ለአብዮቱ ፍንዳታ ከታወቁት መነሻዎች አንዱ ሆነ። በደርግ ዘመንም ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት ጊዜ ነበር። ለነጂው የአንድ ቀን ገቢ ከልጆቹ ራት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ መካኒኩን የሚለምነው «አሳጥርልኝ፣ አቀጥንልኝ፣ ትንሽ እንድትጠጣ አድርግልኝ» እያለ ነበር። መካኒኩም ሁለት መንገድ ነበረው። ብልሁ ዋናውን ጂግለር በአነስተኛ ይለውጠዋል፤ ይህም ለከፍታው ተገቢ ነው። ቸኳዩ ግን አየር የሚስብ መኪና ሲመጣለት የሚኒሞውን የቤንዚን ብሎን ከፍቶ በተጨማሪ ቤንዚን ይሸፍነዋል። ነጂውም ከሰበሰባት ሳንቲም ጥቂቱን በየመገናኛ መብራቱ ቆሞ ሳያውቀው ያቃጥላታል።

ሠ. የመለኪያው ወጥመድ

አየር መሳብን ለማወቅ የፋብሪካ መጻሕፍት ከሁሉ አስቀድመው የሚያዙት የቫኪዩም መለኪያን ነው። መለኪያው ከማኒፎልዱ ጋር ይገናኛል፤ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ማሳየት አለበት ይላሉ። ከዚያ በታች ያነበበ ሰው የማቀጣጠያው ሰዓት ዘግይቷል፣ ቫልቩ ያለ ጊዜው ይከፈታል ወይም አየር ይገባል ብሎ እንዲጠረጥር ያስጠነቅቃሉ። በብዙዎቹ መለኪያዎች ፊት ላይ ይኸው በቀለም ተከፋፍሎ ተጽፏል።

ይህ ሁሉ እውነት የሚሆነው በባሕር ዳርቻ ነው። መለኪያው የሚያሳየው በውጭው አየርና በማኒፎልዱ ውስጥ ባለው መካከል ያለውን ልዩነት ነውና፣ የውጭው ግፊት ሲቀንስ ልዩነቱም ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ይጎድላል ማለት ነው። በአዲስ አበባ የሚጎድለው ከ7 እስከ 8 ኢንች ነው። ስለዚህ አንድ ፍጹም ጤነኛ ሞተር በእኛ ከተማ ከ10 እስከ 14 ኢንች ያሳያል። መጽሐፉን ያመነ ወጣት ባለሙያ ይህን ሲያነብ ሞተሩ ታሟል ብሎ ይደመድማል፤ የሌለ ብልሽት ሲፈልግም ደኅናውን ጓርኒሲዮን ይነቅላል፣ ቫልቩን ያስተካክላል፣ አልፎ አልፎም ቴስታታውን ያወርዳል።

ይህ የወጥመዱ አንደኛው ወገን ነው፤ የሌለውን ብልሽት እንዳለ ማሳየት። ሁለተኛው ወገን ከዚህ ይከፋል፤ ያለውን ብልሽት መደበቅ ነው። በትንሽ ቀዳዳ የሚያልፍ አየር፣ የውስጡ ግፊት ከውጭው ግማሽ ገደማ በታች ሲሆን፣ ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት ሊያልፍ ስለማይችል፣ መጠኑ የሚወሰነው በውጭው ግፊት ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ያ ግፊት ሦስት አራተኛ በመሆኑ ቀዳዳው የሚያስገባውም ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በዚህ ላይ በመንገድ ላይ ሲሄዱ ዋናው ቅይጥ ራሱ የወፈረ ነው። አንዱ ጉድለት ሌላውን ትርፍ ይሸፍነዋል፤ መኪናይቱም በከተማ ውስጥ ያለ ችግር ትውላለች። ወደ አዋሽ ስትወርድ ግን የቀዳዳው አየር ይጨምራል፣ የቅይጡም ውፍረት ይቀንሳል። ያን ጊዜ ሞተሩ ይግላል፣ በካርቦሬተሩ በኩል ያስነጥሳል፣ በቸልታ ከቀጠለም ቫልቭና ፒስተን ያቃጥላል።

ረ. አንድ ምሳሌ ከብሥራተ ገብርኤል

ነገሩን በተግባር ለማሳየት በብሥራተ ገብርኤል አካባቢ በሚገኝ አንድ ጋራዥ የተመለከትሁትን ልጥቀስ። አንድ ነጂ ላዳውን ይዞ መጣና ለሽማግሌው መካኒክ እንዲህ ሲል አስረዳ፤ «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ምንም የላትም። ናዝሬትን አልፌ ወደ መተሐራ ስወርድ ግን ትግላለች፤ ቆሜ ሚኒሞ ላይ ስተዋት ትጠፋለች። ካንዴላ ለወጥሁ፣ ፑንቲና ለወጥሁ፣ የቤንዚን ፓምፕም ለወጥሁ።»

ሽማግሌው ኮፈኑን ሳይከፍቱ፣ «ልጄ፣ ስትመለስስ የት ላይ ነው የሚሻላት?» ብለው ጠየቁት። ነጂውም ናዝሬትን አልፎ ሽቅብ ሲወጣ እየተሻላት እንደምትሄድ ነገራቸው። «እንግዲያው ቤንዚን አይደለም» አሉ።

ይህች አንዲት ጥያቄ ብዙ ፍሬ አላት። ቆላ የወረደ መኪና ሲግልና ሲጠፋ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው ቤንዚኑ በሙቀት በቧንቧው ውስጥ መትነኑ ነው። የቤንዚን መትነን ግን ከፍታ ሲጨምር የሚብስ እንጂ የሚሻል አይደለም፤ ግፊቱ ሲቀንስ ፈሳሽ ሁሉ ቀድሞ ይፈላልና። ሽቅብ ሲወጡ የሚሻል ብልሽት የቅጥነት ብልሽት ነው። ሽማግሌው ይህን በስሌት አልነገሩትም፤ ለብዙ ዓመታት ወደ ቆላ ወርደው ከተመለሱ መኪናዎች የተማሩት ነው።

ከዚያ በኋላ ሞተሩ ተነሣ። የአየር ማጣሪያው ተነሥቶ የካርቦሬተሩ አፍ በመዳፍ ሲዘጋ፣ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት ሲገባው ጥቂት እየተንገዳገደ ቀጠለ፤ ከሌላ ቦታ ይተነፍስ ነበር። የቫኪዩም መለኪያው 9 ኢንች ተኩል አነበበ። ካርቦሬተሩ ተፈትቶ መቀመጫው በመስተዋት ላይ ሲደረግ መካከሉ ተነሥቶ ተገኘ። በመስተዋት ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት እየታሸ ተስተካከለ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባለት፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜም ብሎኖቹ በየተራ በልክ ተጠበቁ። መለኪያው 12 ኢንች አሳየ፤ የሚኒሞው ብሎንም ከአንድ ዙር በላይ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ይህ አንድ ዙር ነጂው በየቀኑ ያለ ጥቅም ሲያቃጥለው የኖረው ቤንዚን ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ 12 ኢንች በፋብሪካው መጽሐፍ የበሽተኛ ሞተር ምልክት መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ ግን የጤንነት ምልክት ነበር።

ሰ. የአመረማመሩ ሥርዐት

ከሽማግሌዎቹ ልማድና ከምሕንድስናው ትምህርት አጣምሮ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይቻላል።

በመጀመሪያ መጠየቅ ነው፤ ብልሽቱ በሚኒሞ ነው ወይስ በሩጫ? በደጋ ነው ወይስ በቆላ? ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲግል? በሁለተኛ ደረጃ ቾኩን በጥቂቱ መሳብ ነው፤ ሞተሩ ከተሻለው ቅይጡ ቀጭን ነበር። በሦስተኛ ደረጃ ከማኒፎልዱ የሚወጡትን የጎማ ቧንቧዎች፣ ማለትም የፍሬን ማገዣውን፣ የማቀጣጠያ ሰዓት ማስቀደሚያውንና የሞተር ዘይት ቤት መተንፈሻውን፣ አንድ በአንድ በፒንሳ ቆንጥጦ የሞተሩን ድምፅ ማዳመጥ ያስፈልጋል። በአራተኛ ደረጃ አንድ ክንድ የሚያህል የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮ ላይ፣ ሌላውን በየመገናኛው ዙሪያ እያንቀሳቀሱ ፉጨቱን መፈለግ ነው። በአምስተኛ ደረጃ የሳሙና ውሃ ወይም ወፍራም ዘይት በየመገናኛው ላይ በብሩሽ መቀባት ነው፤ ቀዳዳው ለጥቂት ጊዜ ሲዘጋ የሞተሩ ዙር ይለወጣል። በመጨረሻም የአየር በሩን ዘንግ በጣት ወዲያና ወዲህ መወዝወዝ ነው፤ ዙሩ ከተለወጠ የዘንጉ ቤት ተበልቷል፤ መድኀኒቱም ቤቱን አስፍቶ አዲስ የነሐስ ቀለበት ማግባት እንጂ ሙጫ መቀባት አይደለም።

አንድ ልማድ ግን ከዚህ ዝርዝር መውጣት አለበት። አንዳንዶች በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን በመርጨት ቀዳዳውን ይፈልጋሉ። ውጤቱ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ከማርሚታው መነሻ ቧንቧና ከካንዴላ ገመድ አጠገብ ቤንዚን መርጨት መኪናውንም ሰውየውንም ለእሳት መስጠት ነው። ሳሙና ውሃ ያንኑ ሥራ ያለ አደጋ ይሠራል።

የቫኪዩም መለኪያን በተመለከተ፣ መለኪያውን መጣል አያስፈልግም፤ መመዘኛውን መለወጥ ነው እንጂ። መካኒኩ በሰፈሩ ጤነኛ መሆናቸውን በሚያውቃቸው ሞተሮች ላይ ለክቶ የራሱን ሠንጠረዥ ቢያዘጋጅ፣ ከየትኛውም የፋብሪካ መጽሐፍ የተሻለ መሪ ያገኛል።

ሸ. ያለፈውና የቀረው

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሁለት ነገሮች ይህን ታሪክ ለውጠውታል። የመጀመሪያው በስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚሠራው ኢታኖል ነው። በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር እየተቀየጠ በአዲስ አበባ መሸጥ ጀመረ። ኢታኖል በውስጡ ኦክስጅን ስለሚይዝ 10 በመቶው ቅይጡን በ4 በመቶ ያህል ያቀጥነዋል፤ ለአዲስ አበባ የወፈረ ካርቦሬተር ይህ ጉዳት አልነበረም። የቆየ ጎማንና የቡሽ ጓርኒሲዮንን ግን ያደርቃል፣ ያሳብጣልም፤ በአሮጌ መኪናዎች ላይ አዲስ የአየር መግቢያ ይከፍታል።

ሁለተኛው የካርቦሬተሩ ራሱ መሰናበት ነው። ከውጭ የሚገቡት አውቶሞቢሎች ቤንዚንን በኮምፒዩተር የሚረጩ ሆኑ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወሰነ። የላዳ ታክሲዎችም ቁጥር መነመነ። ኮምፒዩተሩ የአየሩን ግፊት ወይም መጠን ስለሚለካ የከፍታውን ወጥመድ አስወግዷል። አየር መሳብን ግን አላስወገደም፤ የተሰነጠቀ ጎማ በካርቦሬተር ዘመን እንደ ነበረው ዛሬም አየር ያስገባል። ካርቦሬተሩም ቢሆን ከአገር አልጠፋም። በክልል ከተሞች በሚመላለሱት ባጃጆች፣ በሞተር ብስክሌቶች፣ በትንንሽ የመብራት ጄኔሬተሮችና ገበሬው በወንዝ ዳር በሚተክላቸው የቤንዚን ውሃ መሳቢያዎች ላይ እስከ ዛሬ ይሠራል። በደጋ የተስተካከለ የውሃ መሳቢያ ወደ ቆላ እርሻ ወርዶ ሲቃጠል፣ የጠፋው የገበሬው የዓመት ምርት ሊሆን ይችላል።

ከላይ የተመለከትነው የመካኒኮቻችን ዕውቀት በሚገባ አልተመዘገበም። ያለው በጥቂት ሽማግሌዎች ጆሮና ጣት ላይ ነው፤ እነርሱም በየዓመቱ ይቀንሳሉ። ከምሕንድስና ትምህርት ቤት የወጣነው እኛ ምክንያቱን እናውቃለን፤ ምልክቱን የሚያውቁት ግን እነርሱ ናቸው። ስለሆነም ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየከተማው የሚገኙ አባላት፣ በየአካባቢያቸው ካሉት አንጋፋ መካኒኮች ጋር ሆነው፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ፣ የጤነኛ ሞተርን የቫኪዩም ንባብና ለዚያ ቦታ የሚስማማውን የጂግለር ልክ እየመዘገቡ ቢልኩ፣ ከጎንደርና ከደብረ ብርሃን እስከ ድሬዳዋና አዋሽ የሚደርስ አንድ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ይቻላል። ሠንጠረዡ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ወጪውም አንድ የቫኪዩም መለኪያ፣ አንድ የጎማ ቱቦና የሚያዳምጥ ጆሮ ነው።